የኛ ድርቅ ዴንማርክ ውስጥ ወፍ ያስረፈደው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2011 ከአፍሪካ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚመለሱ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ወፎች ቀናቸውን አሳልፈው ደረሱ። ተመራማሪዎች ለምን እንደዘገዩ ሲያጣሩ መልሱን ያገኙት አውሮፓ ውስጥ አይደለም። እዚህ እኛ ጋ ነው፤ አፍሪካ ቀንድ ላይ።

ጊዜው በኛ አቆጣጠር 2003 ዓ.ም. ነው። ቦረናና ሶማሌ ክልል ዝናብ የጠፋበት፣ ሰሜን ኬንያ ከብት ያለቀበት፣ ሶማሊያ ውስጥ ደግሞ በሐምሌ ወር ረሀብ በይፋ የታወጀበት ዓመት።

ቆይ ግን፣ የኛን ድርቅና የዴንማርክን ወፍ ምን አገናኛቸው? ይህን ለማወቅ ያስቻለችው 1 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ወፍ ጀርባ ላይ የምትታሰር ዕቃ ናት። ጂኦሎኬተር ትባላለች። አሠራሯን ስትሰሙ «ይሄ ብቻ?» ማለታችሁ አይቀርም።

እስቲ ስልካችሁን አስቡት። ፀሐይ ላይ ስትወጡ ስክሪኑ በራሱ ይደምቃል፣ ጨለማ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ይደበዝዛል። ይህን የሚያደርገው ብርሃን የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ነው። አሁን ከስልኩ ላይ ስክሪኑን አውጡት፣ ካሜራውን አውጡት፣ ሲም ካርዱን፣ ጂፒኤሱን፣ ዋይፋዩን በሙሉ አውጡት። የሚቀረው ብርሃን የሚለካው ሴንሰር፣ ሰዓት፣ ትንሽ ሜሞሪና አንዲት ሚጢጢ ባትሪ ብቻ ይሆናል። ጂኦሎኬተር ማለት ይቺው ናት። በየጥቂት ደቂቃው «አሁን ብርሃኑ ይህን ያህል ነው» ብላ ትመዘግባለች፤ አለቀ። የት እንዳለች አታውቅም። ለማንም ምንም አትልክም። ዓመቱን ሙሉ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ የተቀመጠ ስልክ በሏት።

ታዲያ ብርሃን ብቻ እየመዘገበች ቦታን እንዴት ትናገራለች?

ጋምቤላንና ጅግጅጋን እንውሰድ። ሁለቱም ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ይቀራረባል፤ ሰዓታቸውም አንድ ነው። ፀሐይ ግን ጅግጅጋ ላይ ከጋምቤላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ትወጣለች፣ ቀድማም ትጠልቃለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ሲካፈል አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይወስዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 8 ዲግሪ ገደማ አለ፤ 8 በ4 ሲባዛ 32 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ወፏ ጀርባ ላይ ያለችው ሰዓት ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደወጣችና ስንት ሰዓት እንደጠለቀች ከመዘገበች፣ የሁለቱን መሐል ወስደን ወፏ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄደች እናሰላለን።

ሰሜንና ደቡቡን የሚናገረው ደግሞ የቀኑ ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ አካባቢ። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የኛ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ሲቆጠር ማንም የማይቸገረው ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ብቅ ማለቷ አይቀርም። ኮፐንሃገን ላይ ግን በሰኔ ቀኑ 17 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፣ በታኅሣሥ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል። (ስካንዲኔቪያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ይህን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የኛን ሰዓት አቆጣጠር እዚያ ማን ይሞክረው?) እንግዲህ ቀኑን አውቀን ብርሃኑ ስንት ሰዓት እንደቆየ ካየን፣ ወፏ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀች ማወቅ ይቻላል።

የድሮ መርከበኞች በፀሐይና በሰዓት ቦታቸውን ሲፈልጉ ኖረዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ዕቃው ማነሱ ነው።

ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም። አንደኛው ደመናና ቅጠል ነው። ወፏ ንጋት ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጉጣ ከሆነ ፀሐይ የወጣችው ዘግይታ ይመስላል፤ ማታም ቀድማ የጠለቀች ይመስላል። ስለዚህ 100፣ 200 ኪሎሜትር መሳት የተለመደ ነው። አዳማ ያለችውን ወፍ አዲስ አበባ ናት ልትላችሁ ትችላለች።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩትና መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ፣ በዓለም ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ። ኬፕታውን ሁኑ ኮፐንሃገን፣ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በነዚህ ሳምንታት የቀኑ ርዝመት ስለ ሰሜንና ደቡብ ምንም አይናገርም። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ወፎች ጉዞ ላይ የሚሆኑት ልክ በዚያ ሰሞን መሆኑ ነው። ምሥራቅና ምዕራቡ ግን አይጠፋም፤ እሱ የሚሰላው ከእኩለ ቀን ነውና። ይህን ያዙልን፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

«ለምን ጂፒኤስ አያስሩላትም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ክብደት ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ከሳተላይት ጋር የሚገናኘው ትንሹ መሣሪያ 5 ግራም ገደማ ነበር። ለንስር ወይም ለሽመላ ምንም አይደለም። የምናወራላቸው ወፎች ግን ከ25 እስከ 30 ግራም ነው የሚመዝኑት። 25 ግራም የምትመዝን ወፍ ላይ 5 ግራም መጫን 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ አዝሎ ሰሃራን እንዲያቋርጥ እንደማድረግ ነው። ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚከተሉት ደንብ ጭነቱ ከወፏ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። 1 ግራም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ቀላልነቱ ግን በነጻ አልመጣም። ዕቃዋ ምንም ስለማትልክ ዳታውን ለማግኘት ያቺኑ ወፍ ከዓመት በኋላ መልሶ መያዝ ግድ ነው። እንዴት? ብዙ ትንንሽ ወፎች አፍሪካ ደርሰው ተመልሰው ጎጆ የሚሠሩት አምና የሠሩበት ቁጥቋጦ አካባቢ ነው። ተመራማሪው እዚያው ቦታ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃል። ከመጣች መጣች። ካልመጣች ዳታውም አብሯት ጠፋ።

የዘማሪ ወፎችን ጉዞ በዚህ መንገድ ከጅምር እስከ መጨረሻ የተከተለው የመጀመሪያው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በካናዳ የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ብሪጅት ስታችበሪና ባልደረቦቿ በ2007 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ 14 ዉድ ትረሽና 20 ፐርፕል ማርቲን የሚባሉ ወፎች ላይ ጂኦሎኬተር አሰሩ። በዓመቱ ዳታ ይዘው የተገኙት 5 ዉድ ትረሾችና 2 ፐርፕል ማርቲኖች ናቸው። ከ34 ወፍ 7! ግን 7ቱ በቂ ነበሩ። አንዷ ፐርፕል ማርቲን ከብራዚል አማዞን ተነስታ 7,500 ኪሎሜትር ገደማ በ13 ቀን ገብታለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ወፎች በቀን 150 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛሉ ተብሎ ነበር የሚገመተው። እሷ በአማካይ ከ500 በላይ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጉደኛ ነገር መሰማት አላቆመም። አላስካ ውስጥ የሚፈለፈለው፣ 25 ግራም የሚመዝነው ዊትየር እስያን አቋርጦ ወደ 14,500 ኪሎሜትር ገደማ በመጓዝ ሱዳን፣ ኡጋንዳና ኬንያ እንደሚገባ በ2012 ታወቀ። ብላክፖል ዋርብለር የሚባለው 12 ግራም ገደማ የሆነው ወፍ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ተነስቶ አትላንቲክ ላይ ያለ ማረፊያ ሁለትና ሦስት ቀን እንደሚበር በ2015 ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

ዋናው ባለታሪክ ሽራይክ ይባላል፤ ጀርባው ቀይ ቡናማ የሆነው ዓይነት። ወንዱ ራሱ ግራጫ ነው፤ ዓይኑ ላይ እንደ ሌባ ጭምብል ጥቁር መስመር አለው። 30 ግራም ቢመዝን ነው፣ ግን ጠባዩ የአሞራ ነው። አንበጣና ጥንዚዛ ይይዝና የተረፈውን እሾህ ላይ ሰክቶ ያስቀምጣል። ቆላ ያደጋችሁ የግራር እሾህ ላይ የተሰካ አንበጣ አይታችሁ ከሆነ፣ የሽራይክ ዘመድ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ወፍ ዴንማርክና ስዊድን ይፈለፈልና በነሐሴ አካባቢ ወደ ደቡብ ይነሳል። በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ አድርጎ ሜዲትራኒያንንና ሰሃራን አቋርጦ ሱዳን አካባቢ ሳህል ላይ ሳምንታትን ይቆያል። ከዚያ እንደገና ተነስቶ ቦትስዋና አካባቢ፣ ካላሃሪ ድረስ ይወርዳል። የሚገርመው መመለሻው ነው። በመጣበት አይመለስም። ወደ ምሥራቅ ያጠፍና በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ አፍሪካ ቀንድ ይገባል፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ወይም የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ በዓረብ ምድር በኩል አውሮፓ ይደርሳል። መንገዱ ከመሄጃው ይረዝማል፣ የሚፈጅበት ጊዜ ግን ያንሳል፤ ለመሄድ ሦስት ወር ገደማ፣ ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ። ለምን ይቸኩላል? ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ቁጥቋጦ ይይዛል፣ ሚስት ያገኛል፣ አጭሩ የሰሜን በጋ ሳያልቅ ጫጩቶቹን ያሳድጋል። የዘገየ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

ከቦትስዋና አፍሪካ ቀንድ ሲገባ ደግሞ ወደ ምሥራቅ 20 ዲግሪ ገደማ ይጓዛል። 20 በ4፦ 80 ደቂቃ። ማለትም ጀርባው ላይ ያለችው ዕቃ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማ ስትወጣ ትመዘግባለች። ቅድም ያዙልን ያልናችሁ ለዚህ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሆነበት በዚያ በመጋቢት እንኳ ወፉ ወደ ምሥራቅ መዞሩ ከዳታው ላይ አይጠፋም።

አፍሪካ ቀንድ ለምን ያስፈልገዋል? ከፊቱ የዓረብ በረሃ አለ። በረሃውን ለመሻገር ስብ መያዝ አለበት፤ ስብ የሚመጣው ከነፍሳት ነው፤ ነፍሳት የሚመጡት ከቅጠል ነው፤ ቅጠል የሚመጣው ከዝናብ ነው። ወፉ የሚደርሰው ቦረና «ገና» የሚለው፣ ሶማሌው «ጉ» የሚለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ሲጀምር ነው። በደህና ዓመት ምድሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ፌንጣና ጥንዚዛው ይፈላል። ወፉ ጠግቦ ይሄዳል።

በ2003 ግን ዝናቡ አልመጣም። ከዚያ በፊት የነበረው የመኸሩ ዝናብም ከሽፎ ነበር። ሁለት ወቅት በተከታታይ ማለት ነው።

በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው አንደርስ ቶትሩፕ የሚመራው ቡድን በዚያን ጊዜ ሽራይኮችና ትረሽ ናይቲንጌል የሚባሉ ወፎች ላይ ጂኦሎኬተር አስሮ ነበር። ድርቅን ሊያጠኑ አልነበረም፤ መንገዱን ሊያውቁ ነበር። ወፎቹ ተመልሰው ሲያዙና ዳታው ሲገለበጥ፣ በ2011 አፍሪካ ቀንድ ላይ ከፊተኛውና ከኋለኛው ዓመት ይልቅ አንድ ሳምንት ገደማ ተጨማሪ ቆይተው ተገኙ። የሚበላው ስላነሰ ለበረሃው የሚሆን ስብ ለመያዝ ተጨማሪ ቀናት ፈጀባቸው። ያቺ ሳምንት መንገድ ላይ አልተካካሰችም፤ ሰሜን አውሮፓ ዘግይተው ደረሱ፣ መራባትም ዘግይተው ጀመሩ። ጥናቱ በታኅሣሥ 2012 (እ.ኤ.አ.) «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕቃዋ «ድርቅ» የሚል ነገር አልመዘገበችም። የመዘገበችው ፀሐይ የወጣችበትንና የጠለቀችበትን ሰዓት ነው። ወፉ ሳይንቀሳቀስ ስንት ንጋት እንደቆጠረ ነው የታየው። ከቦታው ይልቅ ቀኑ ነበር ቁልፉ። 100 ኪሎሜትር ብትስትም ቀኑን አትስትም።

«ሰው በተራበበት ዓመት ስለ ወፍ ታወራላችሁ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ነገሩን ለያይተን አናየውም። ሽራይኩ ያጣው ፌንጣ ከየት ነው የጠፋው? የቦረና ላም ካጣችው ሳር ውስጥ። ወተት የደረቀባት እናትና ስብ ያጣው ወፍ የሚጠብቁት አንድ ዝናብ ነው። ልዩነቱ ወፉ ጀርባው ላይ ሰዓት ነበረው። እንዲያውም እኛን የሚቆጨን ሌላ ነው፤ በኛ ምድር ላይ የሆነውን ይህን ታሪክ ያነበቡልን ኮፐንሃገን ተቀምጠው ነው። ወፉ ጎጆ የሚሠራው እዚያ ስለሆነ መልሰው የሚይዙት እዚያ ነው፤ ይገባናል። ግን ወፉ ሳምንታትን የሚያሳልፍበትን ቁጥቋጦ፣ የዝናቡን ቀን፣ የፌንጣውን ብዛት በቅርብ ማየት የሚችለው እዚህ ያለ ሰው ነው።

ጥናቱን ስናደንቅ ድክመቱንም እንናገር። የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው። በ2003 ስንት ሽራይክ አቅም አጥቶ ዓረቢያ በረሃ ላይ እንደወደቀ ጂኦሎኬተር አትነግረንም፤ የወደቀው ወፍ ዕቃውን ይዞ ነው የወደቀው። «አንድ ሳምንት ዘገዩ» የሚለው ቁጥር የተሳካላቸው ወፎች ቁጥር ነው። ሌላው፣ ዕቃዋ ራሷ ወፉን ትጎዳው ይሆን? በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር፤ በትንንሽ ወፎች ላይ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም፣ ዕቃ የታሰረላቸው የመመለስ ዕድላቸው በጥቂቱ ይቀንሳል ብሏል። ተመራማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ዕቃው በየጊዜው እያነሰ ነው፤ ግማሽ ግራም የሆነም አለ።

አዳዲሶቹ ደግሞ ከብርሃን በተጨማሪ የአየር ግፊት ይለካሉ። በዚህ መንገድ ስዊድን የሚፈለፈለው ግሬት ሪድ ዋርብለር ሰሃራን ሲያቋርጥ ቀን ቀን ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እንደሚበር በ2021 ታይቷል። ራስ ዳሽን 4,500 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ማታ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ልክ አዲስ አበባን የሚያህል ከፍታ።

በነገራችን ላይ፣ ዕቃ የታሰረበት ወፍ ሲገኝ «ሰላይ ነው» ማለት በኛ ሰፈር ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ግብፅ፣ ቄና ውስጥ አንድ ሽመላ ጀርባው ላይ መሣሪያ ተገኝቶበት ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ነበር። ተመርምሮ የተገኘው የወፍ መከታተያ ነው። የኛዋ ጂኦሎኬተር ደግሞ ሰላይ ልሁን ብትልም አትችልም፤ አንቴና የላት፣ ካሜራ የላት፣ ማይክ የላት።

ስለዚህ ምናልባት መረብ ውስጥ የገባ፣ መስኮት ገጭቶ የወደቀ ወይም ድመት የያዘችው፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ወይም እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። በሕይወት ካለ ዕቃውን አትንቀሉ፤ የቀለበቱን ቁጥርና ጽሑፍ አጥርታችሁ ፎቶ አንሱና ልቀቁት። ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የትኛው አገር ማዕከል እንዳሰረው ይናገራል። ሞቶ ካገኛችሁት ዕቃውንም ቀለበቱንም አስቀምጡ፤ ያገኛችሁበትን ቀንና ቦታ ጻፉ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወይም በአቅራቢያችሁ ያለ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ሊረከባችሁ ይችላል። ባትሪዋ ብትሞትም ሜሞሪዋ ሊነበብ ይችላል። ምናልባት ውስጧ ያለው፣ ሰሜን ላይ ያለ አንድ ሰው መረብ ዘርግቶ የጠበቀው፣ ያልመጣው ወፍ ታሪክ ነው።